ቅጠሉ የሚበላበት ግቢ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ግቢ ልማት እንድናገር ስጋበዝ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ብተክል ያምራል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው ከደጁ ውበት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ ስለማምን የዛሬውን ንግግሬን በእሱ እጀምራለሁ፦ በግቢያችን የምንተክለውን ቅጠል ማን ይበላዋል? «ማንም አይነካውም» የሚለው መልስ ለብዙዎቻችን የምሥራች ነው። ለእኔ ግን ግቢው ገና ባዶ መሆኑን የሚነግረኝ እሱ ነው።

ባዶ ግቢ ስል በመጀመሪያ የማስበው ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የሚተርፈውን መሬት ነው። ለም የሆነው የላይኛው አፈር ተጠርጎ ሄዷል፤ የቀረው በጭነት መኪና ጎማና በሰው እግር ተረግጦ ጠጥሯል፤ የጡብ ስባሪና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ተቀላቅሎበታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ከላይ ይንሸራተታል። ይሁንና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሣር የለበሰ፣ በየሳምንቱ የሚታጨድና ጥጋጥጉ ከሩቅ አገር በመጡ አበቦች የተከበበ ግቢም በእኔ ዘንድ ከባዶ የሚቆጠር ነው። ለዓይናችን አረንጓዴ ቢሆንም እንቁላል የምትጥልበት ተክል ፍለጋ በአጥሩ ላይ ለምታልፍ ቢራቢሮ ከጠጠር ሜዳ ብዙም አይለይም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና። ተክል ጠላት ሲመጣበት ሮጦ አያመልጥም። ስለዚህ ራሱን የሚጠብቀው ቅጠሉን በማምረር፣ በማሻከር፣ ብሎም በመመረዝ ነው። እያንዳንዱ የዕፅዋት ቤተሰብ የራሱ የሆነ የመከላከያ ቅመም አለው። ከአንድ ተክል ጋር እጅግ ረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ነፍሳት ደግሞ ቀስ በቀስ የዚያን ተክል መርዝ የሚያከሽፉበትን መንገድ አዳብረዋል፤ በዚህም ምክንያት ሌላው የማይደፍረውን ቅጠል እነሱ ይመገቡታል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አንዱን መርዝ ለማክሸፍ የተካነ አካል ለሌላው እንግዳ ይሆናል። ከቅጠል በል ነፍሳት ውስጥ ከ10 ዝርያዎች 9ኙ ያህል የሚመገቡት ከሦስት ከማይበልጡ የዕፅዋት ቤተሰቦች ነው፤ ብዙዎቹም በአንድ ብቻ ይወሰናሉ። በሰሜን አሜሪካ የምትታወቀው ሞናርክ ቢራቢሮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሚልክዊድ ተብለው በሚጠሩት፣ ሲቆረጡ ነጭ ወተት በሚያወጡት ተክሎች ላይ ነው። አባጨጓሬዋ የተክሉን መርዝ ከነቅጠሉ በልታ በሰውነቷ ስለምታከማቸው አብዛኞቹ ወፎች ይርቋታል። ከግቢው ሚልክዊዱ ከተነቀለ ግን በዙሪያው ሺህ አበባ ቢፈነዳም ለልጆቿ የሚሆን አንዲት ንክሻ ቅጠል አታገኝም።

ባሕር ዛፍን ደግሞ ተመልከቱ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይዟል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ከኮዋላ አንሥቶ እስከ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ድረስ ቁጥር ስፍር የሌለው ፍጡር በቅጠሉ ይተዳደራል። ወደ ሌሎች አህጉራት ሲወሰድ ግን የተጓዘው ዘሩ ብቻ ነው፤ ተመጋቢዎቹ፣ ኋላ ከተከተሉት ጥቂቶች በቀር፣ እዚያው ቀሩ። እንግዲህ ያው አንዱ ዛፍ በአንድ ቦታ የሞላ ማዕድ፣ በሌላ ቦታ ቅጠሉ ሳይነካ የሚረግፍ ተክል ሆነ ማለት ነው። «አገር በቀል» የሚለው ቃል ትርጉሙ የሚገባንም በዚህ ነው። ቃሉ የተክሉን መልካምነት ወይም ክፋት አይናገርም፤ በዚያ መሬት ካሉት ሌሎች ሕያዋን ጋር ያለውን የረጅም ዘመን ትውውቅ ይናገራል እንጂ።

ወፎችን እንወዳለን፤ አባጨጓሬን ግን አይተን እንጸየፋለን፣ ፀጉራሙንማ ልጆቻችን እንዳይነኩት እናስጠነቅቃለን፤ ማስጠንቀቃችንም ልክ ነው። ነገር ግን እነዚህን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ያደጉት ወፎች ዘርና ፍሬ የሚበሉ ቢሆኑ እንኳ አብዛኞቹ የየብስ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። ከነፍሳትም መካከል ለስላሳ፣ በስብና በፕሮቲን የዳበረውና ለጫጩት ጉሮሮ የሚመቸው አባጨጓሬ ነው። ቺካዲ የምትባለው ክብደቷ 12 ግራም ገደማ የሆነ የአሜሪካ ወፍ፣ ከአጋሯ ጋር አንድ ጎጆ ጫጩት አሳድጋ ለማብረር ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ያስፈልጋታል። እኔም በግቢዬ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሠሩ ጥንዶችን አንድ ማለዳ ተቀምጬ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር። እናቲቱ አረንጓዴ ትል በአፏ አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ከጎጆው አጠገብ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቆም ትላለች፤ ግራ ቀኟን አይታ ትገባለች፤ ገና ሳትወጣ አባትየው ሌላ ይዞ ከቅርንጫፉ ላይ ይደርሳል። ሻይዬ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ያን ዕለት ከመንደሩ ሩቅ ሲሄዱ አላየሁም። የሚያድኑት በዚያው ግቢ፣ እኔ በተከልኳቸው ዛፎች ላይ ነበር።

የደላዌር ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ዳግላስ ታላሚ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ የቆዩት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዴዚሬ ናራንጎ፣ ታላሚና ፒተር ማራ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኙ የመኖሪያ ግቢዎች ያካሄዱትን ጥናት ሲያሳትሙ፣ የቺካዲ ቁጥር ሳይመነምን ሊቀጥል የሚችለው ከግቢው አጠቃላይ የዕፅዋት መጠን ቢያንስ 70 በመቶው አገር በቀል ሲሆን መሆኑን አሳዩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከአገር በቀሎቹም መካከል እኩል ክብደት እንደሌላቸው አመለከተ። በአሜሪካ 14 በመቶ የሚሆኑት የዕፅዋት ወገኖች ብቻ 90 በመቶውን የቢራቢሮና የእሳት ራት ዝርያ ይመግባሉ። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ቦታ ያለው ሰው የትኛውን እንደሚተክል ሲመርጥ ቁመቱንና ጥላውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉ በትውልድ ቦታው ምን ያህል እንደሚበላ ማየት ይኖርበታል። በአካባቢው ደን ውስጥ ቆሞ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይህን ለማወቅ በቂ ጅምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ላስወግድ። ከ70 በመቶው የተረፈው ሠላሳው በመቶ የእናንተ ነው። የጓሮ አትክልቱ፣ ለምግብ የሚሆነው ፍሬ፣ ከእናት የተወረሰው ጽጌረዳ ሁሉ ቦታ አላቸው። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ጄኒፈር ኦወን የተባሉ የሥነ ሕይወት ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2001 ለ30 ዓመታት በአንድ ተራ የመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያገኙትን ሕያው ፍጡር ሁሉ መዘገቡ። አበባና አትክልት እየተከሉ፣ ፀረ ተባይ ሳይረጩ ነበር የኖሩበት። የመዘገቡት 2,673 ዝርያ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 1,997ቱ ነፍሳት ናቸው። ግቢው የተከለለ ፓርክ አልነበረም፤ ከመንገድ ዳር ያለ የከተማ ቤት ጓሮ ነበር። ይህን አኃዝ በየንግግሬ የምጠቅሰው አንድ ሰው በአንድ አጥር ውስጥ ሊያስጠልል የሚችለው ፍጡር ከምንገምተው በእጅጉ የበለጠ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። የተከለሉት ቦታዎች ብቻቸውን እንደማይበቁም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጀርመን የወጣ ጥናት በ63 ጥብቅ ሥፍራዎች በራሪ ነፍሳት በክብደት ሲለኩ በ27 ዓመታት ውስጥ ከ75 በመቶ በላይ መቀነሳቸውን አረጋግጧል። የቀነሱት በተጠበቀ መሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ዶማ ከማንሣት በፊት መቀመጥ ይገባል። ቢቻል አንድ ዓመት ሙሉ፣ ካልሆነ አንድ ዝናባማና አንድ ደረቅ ወቅት፣ ግቢውን ማየት ያስፈልጋል። ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የት ትደርሳለች? ጎርፉ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? ማንም ሳይተክለው በአጥር ሥር ራሱ የበቀለው ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ድካም ያድናል፤ «አረም» ብለን የምንነቅለው አንዳንዱ ቡቃያ ወፍ ወይም ነፋስ ያመጣው አገር በቀል ችግኝ ሊሆን ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሳላውቅ ስንቱን እንደነቀልኩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

የጠጠረውን አፈር በአንድ ጊዜ ገልብጦ ማልማት አያስፈልግም፤ ከሥር ተኝተው የነበሩ የአረም ዘሮችን ወደ ብርሃን ማውጣት ይሆናል። የመትከያ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ ማላላት፣ ቀሪውን መሬት ግን በደረቅ ቅጠልና በእንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጉዝጓዝ ማልበስ ይሻላል። ጉዝጓዙ የግንዱን ሥር እንዳይነካ ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋልና። የቀረውን የመሬት ትልና ምስጥ ይሠሩታል። ሣሩን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ያልተቀባ ካርቶን አንጥፎ ውኃ አርከፍክፎ ከላይ ጉዝጓዙን ቢጭንበት በጥቂት ወራት ሣሩ ከሥሩ ይሞታል፤ መርዝ አያስፈልገውም። ማዳበሪያ መጨመርንም አልመክርም። አብዛኞቹ አገር በቀሎች በአካባቢያቸው አፈር መኖርን የለመዱ ሲሆኑ ማዳበሪያው ይበልጥ የሚያፋፋው ፈጣኑን አረም ነው።

ምን እንደሚተከል ለማወቅ የሚረዳው በአካባቢው ሳይጨፈጨፍ የቀረ ቁራጭ ደን፣ የወንዝ ዳርቻ፣ ወይም ለማረስ ያልተመቸ ገደል ነው። ጃፓናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አኪራ ሚያዋኪ የአገራቸውን ጥንታዊ ዛፎች ማንነት ያወቁት በየአምልኮ ሥፍራው ዙሪያ ተከብረው የቆዩትን ዛፎች አጥንተው ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የረጃጅሙን፣ የመካከለኛውንና የቁጥቋጦውን ችግኝ አደባልቀው በአንድ ካሬ ሜትር ሦስት ያህል አጠጋግተው በመትከል በአጭር ዓመታት ጥቅጥቅ ያለ ደን ማብቀል ጀመሩ። ለመኖሪያ ግቢ ይህን ያህል ማጠጋጋት ሁልጊዜ ተገቢ ላይሆን ይችላል፤ መደባለቁን ግን በሙሉ ልቤ እመክራለሁ። ከመሬት የሚሳብ፣ ከጉልበት የማያልፍ፣ በቁመት ሰው የሚያክል፣ ከዚያም የሚረዝም፣ በእነዚህም ላይ የሚወጣ ሐረግ ቢኖር ለእንሽላሊቱም ለወፉም የየራሱ ማረፊያ ይገኛል። ችግኙ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ሆኖ በፕላስቲክ ውስጥ ሥሩ የተጠማዘዘ ችግኝ መሬት ለመያዝ ይቸገራል፤ ከጉልበት በታች ሆኖ የተተከለው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ደርሶ ይበልጠዋል። የሚተከለው ዝናብ ሊገባ ሲል ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረቅ ወቅቶች አልፎ አልፎ ግን በጥልቀት ማጠጣት ያስፈልጋል። ከዱር ችግኝ ነቅሎ ማምጣትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አንዱን ቦታ አራቁቶ ሌላውን ማልበስ ልማት አይባልም። ከእናት ዛፉ ጥቂት ዘር፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር መልቀም ይበቃል።

ወፍ ስለበላው ብቻ አንድን ተክል ለግቢ የሚስማማ አድርገን እንዳንወስደው ደግሞ አሳስባለሁ። የወፍ ቆሎ የምንለው፣ ከሐሩራማ አሜሪካ ለአበባው ውበት ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደው ቁጥቋጦ፣ ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል፤ ዘሩንም ይዘው በየጫካው ይበትኑታል። ከዚያም አገር በቀሉን ውጦ ግጦሹን ይዘጋል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። በግቢያችን እንዲህ ያለ ወራሪ ካለ መነቀል ያለበት ፍሬው ሳይበስል ነው።

ስለ ደረቀውና ስለ ሞተው ነገር ጥቂት ቆይቼ ልናገር፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግቢው ንጹሕ እንዲሆን ብዬ አበባቸውን ጨርሰው የደረቁትን አገዳዎች አጭጄ ከመርኩና ላቃጥላቸው አሰብኩ። አንዱ አገዳ በእጄ ውስጥ ተሰነጠቀ። በውስጡ በክብ የተቆራረጡ የቅጠል ክፋዮች ተነባብረው፣ ተጠቅልለው፣ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ ተሰክተው እንደ ትንንሽ ከረጢት ተደርድረው ነበር። አንዱን በጥንቃቄ ስፈታው ቢጫ የአበባ ዱቄት ተለውሶ የተጋገረ የሚመስል ጥፍጥፍ፣ በላዩም ነጭ እጭ አገኘሁ። ይህን የምትሠራው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ቀፎ የላትም፣ ንግሥት የላትም፤ ብቻዋን ቅጠል ቆርጣ፣ ብቻዋን ስንቅ አዘጋጅታ፣ እንቁላሏን ጥላ ክፍሉን ትዘጋና ትሄዳለች። በጓሮዬ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የመሰለውን ክብ ሳይ ተባይ መስሎኝ የምበሳጨው እሷ ነበረች። በዓለም ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ አለ፤ አብዛኞቹ እንደ እሷ ለየብቻቸው የሚኖሩ ናቸው፤ ከ10 ዝርያዎች 7ቱ ያህልም ጎጇቸውን የሚቆፍሩት በመሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ አገዳውን ከጉልበት ከፍታ ላይ ቆርጦ ማቆየት፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ጥግ ጉዝጓዝ ያልለበሰች ትንሽ ባዶ መሬት መተው፣ የወደቀውን ግንድ በጥላ ሥር እንዲበሰብስ መፍቀድ ለእነዚህ ሁሉ ቤት መሥራት ነው። የዚያን ቀን አገዳዎቹን መልሼ በአጥሩ ላይ አስደግፌ አቆምኳቸው።

እባብን የሚፈሩ ወገኖች በዚህ ጊዜ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው ነው አልልም። የእንጨት ክምሩ ከቤቱና ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ይበል፤ መተላለፊያው ሰፊና ሣሩ አጭር ይሁን፤ በር አካባቢ ከመሬት የሚሳብ ጥቅጥቅ ያለ ተክል አይኑር። የተመነጠረ መንገድና የታጠረ ጠርዝ ለጎረቤትም ግቢው ተጥሎ ሳይሆን ታስቦበት እንዲህ እንደሆነ ይነግረዋል።

ውኃን በተመለከተ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሳሕን፣ በውስጡም ንብና ቢራቢሮ ቆመው የሚጠጡባቸው ድንጋዮች ይበቃሉ። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር በሞቃት ቦታ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅባት በየሦስት ቀኑ ውኃውን ደፍቶ መለወጥ እጩን ያቋርጠዋል።

መርዝ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያፈርሰው ይችላል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ የገዛኋቸውን ያማሩ ችግኞች ተከልኩ። በሳምንቱ ቢራቢሮ መጥታ እንቁላል ጣለችባቸው፤ በጣም ተደሰትኩ። አባጨጓሬዎቹ ተፈልፍለው ቅጠሉን መብላት እንደጀመሩ ግን እየተንጠለጠሉ ሞቱ፤ በሁለት ቀን አንድ አልተረፈም። ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ችግኞቹ ወደ ሥርና ቅጠል ሁሉ የሚዘልቅ ፀረ ተባይ ተሰጥቷቸው ነበር። እንዲህ ያለው መርዝ በዝናብ አይታጠብም፤ በተክሉ ሥጋ ውስጥ ነውና። ከዚያ ወዲህ ችግኝ ስገዛ በምን እንደታከመ ሳልጠይቅ ገንዘብ አልከፍልም፤ እናንተም እንድትጠይቁ እለምናለሁ። ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ቀንበጡን ሲወር እጅ ለመርጨት ይቸኩላል። ሁለት ሳምንት ታገሡ። ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛና እጮቿ የሚመጡት ክሽክሹ ከበዛ በኋላ ነው፤ ክሽክሹን ስንመርዝ እነሱንም አብረን ስለምንገድል በሚቀጥለው ጊዜ ክሽክሹ ጠላት በሌለበት ተመልሶ ይበዛል።

የሌሊቱን ነገር ሳላነሣ ብቀር የንግግሬ ግማሽ ይጎድላል። በቋንቋችን «የእሳት ራት» ብለን የሰየምናት በራሪ እውነትም ለእሳት እራት እየሆነች ነው፤ የዛሬው እሳት ግን በየአጥሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው አምፖል ነው። በአምፖሉ ዙሪያ ስትዞር ታድራለች፤ አትመገብም፣ አትራባም፤ ሲነጋ ደክማ ትወድቃለች። በቀን የምናየው አባጨጓሬ አብዛኛው የእሷ ልጅ ነው፤ የሌሊት ወፍም የሚያድናት እሷን ነው። መብራቱን ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ማድረግ፣ ወደ ታች እንዲያበራ መከለል፣ ነጩን አምፖል ወደ ቢጫ መለወጥ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ዛሬ ማታ ሊደረግ ይችላል።

በመጀመሪያው ዓመት ግቢያችሁ ደካማ መስሎ ይታያል፤ ችግኙ ሥሩን እየሰደደ ስለሆነ ከላይ ብዙ ለውጥ የለውም። በእኔ ግቢ መጀመሪያ የመጡት ሸረሪቶች ነበሩ፤ ቀጥሎ ጉንዳንና ትንንሽ ብቸኛ ንቦች፤ በሦስተኛው ዓመት ቅጠሎቹ በግልጽ መበላት ጀመሩ፤ ቅድም ያልኳችሁ ጎጆ የተሠራው በአምስተኛው ነው።

በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከአካባቢያችን ዛፎች የለቀምኳቸውን ዘሮች በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ቅርፊታቸው ድንጋይ የሚመስለውን ዘሮች የምትወስዱ፣ ውኃ አፍልታችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ጥቂት ቀዝቀዝ ሲል ዘሩን ጨምሩበትና እስከ ማግስቱ ተዉት። አብጦ ያደረውን ወዲያው ዝሩት፤ ያላበጠውን በአሸዋ ወረቀት ጫፉን ፈግ ፈግ አድርጋችሁ እንደገና ዘፍዝፉት። የተዘራበትን ቀን በዕቃው ላይ ጻፉበት፤ አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ ከሁለት ወር በኋላ ብቅ ስለሚል ሞተ ብላችሁ አትድፉት።